ማጃክ አትጠጡት ያለው ቅጠል

የተከበራችሁ አባቶች፣ የተከበራችሁ እናቶች፣ እማማ ቬሮኒካ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ መምህራን፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የአገሬ ልጆች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አላህ ያጽናን። እግዚአብሔር ያጽናን። ዛሬ ሁለቱንም እላለሁ።

ኢስሃቅ እባላለሁ። ጁባ ታውን ውስጥ ዱቄትና ዘይት በጅምላ እሸጣለሁ። እዚህ መቆም የነበረበት የተማረ ሰው ነው። እማማ ቬሮኒካ ግን ትናንት እጄን ይዘው፣ «ልጄን አንተ ነህ የምታውቀው። ያየኸውን ሁሉ ተናገር፤ የኔንም አትደብቅ» አሉኝ። ስለዚህ አልደብቅም።

ማጃክን ማን አያውቀውም? ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ያደገው ማጃክ። አዲስ አበባ ኬሚስትሪ የተማረው፣ አማርኛ ከኔ አሳምሮ የሚናገረው ማጃክ። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ በየቀኑ ራሱን በመርፌ እየወጋ የኖረው ማጃክ።

የዛሬ አራት ዓመት ኮምፒውተር ታቅፎ መጋዘኔ መጣ።

«ያ አኩይ፣ ወንድሜ፣ ዩኒቨርሲቲው ቢሮዬ መብራት የለም። ጄኔሬተርህ ላይ ልሰካው?» አለኝ።

«ምን ልትሠራበት?»

«ለስኳር በሽታ መድኃኒት ልፈልግበት።»

ሳቅኩ። መድኃኒት በኮምፒውተር ይፈለጋል? እሱ አልሳቀም። ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ። እኔ በገባኝ ልንገራችሁ። አንጀታችን ውስጥ የበላነውን ወደ ስኳር የሚሰባብር ነገር አለ፤ ኢንዛይም ይሉታል። እሱን የሚያዘገይ ከተገኘ፣ ስኳሩ እንዲህ ቶሎ አይወጣም። ቅጠሉ ውስጥ፣ ሥሩ ውስጥ፣ ልጣጩ ውስጥ ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌለው ንጥረ ነገር አለ። ያን ሁሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ልሞክር ቢሉ ዕድሜ አይበቃም። ኮምፒውተሩ ግን የእያንዳንዱን ቅርጽ ከኢንዛይሙ ቅርጽ ጋር ያጋጥማል። ይሄ ይገጥማል፣ ይሄ አይገጥምም ብሎ ነጥብ ይሰጣል።

«ከተሳካልህ መርፌው ቀረልህ ማለት ነዋ!» አልኩት።

«የለም» አለኝ። «የኔ ዓይነቱ ያለ ኢንሱሊን አይሆንም። ይሄ ቢሳካ ለአንተ ነው።»

እኔም ስኳር አለብኝ፤ እንክብል እየዋጥኩ ነው የምኖረው። ሰማችሁ? ለራሱ አልነበረም። ለኔ ነበር። ለናንተ ነበር።

ወንዙን እየተሻገረ ጉምቦ ድረስ ሄዶ ቅጠል የሚሸጡ እናቶችን ይጠይቅ ነበር። ይሄ ምን ይባላል? ለምን ትጠጡታላችሁ? ይጽፋል፤ ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ። ከሁለት ሺህ በላይ ንጥረ ነገር አጣራ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሸቀጥ እየጫነ ሳለ፣ ከመጋዘኑ ጥግ «ገጠመ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ቅጠል ነው። መንገድ ዳር የሚበቅል፣ ፍየል የሚበላው ቅጠል። ስሙን አልጠራውም፤ ለምን እንደማልጠራው ይገባችኋል።

አቅፌው ዘለልኩ። እሱ ግን ትከሻዬን ይዞ፣ «ኢስሃቅ፣ ይሄ ገና ግምት ነው። ላቦራቶሪ ይሞከር። እስከዚያ ለማንም አትንገር» አለኝ።

ነገርኩ። በዚያው ሳምንት ለደንበኛ ሁሉ ነገርኩ። ዳዋ ታ ሱካር፣ የስኳር መድኃኒት፣ እኛው ጋ ተገኘ አልኩ። ወሬውን ማን እንደበተነው ስትጠያየቁ ከረማችሁ አይደል? እኔ ነኝ። ዛሬ በመቃብሩ ፊት እናገራለሁ። እኔ ነኝ።

የኒምራ ታላታ ሰፈሩ መምህር አሞጽ፣ ስኳር የነበረባቸው፣ ዘይት ሊገዙ መጥተው ከኔ አፍ ሰሙ። እየሳቁ ሄዱ። መርፌያቸውን ተዉ፣ ቅጠሉን እያፈሉ ጠጡ። ወር ሳይሞላቸው ቀበርናቸው።

ለቅሶው ላይ ማጃክ ተነሥቶ ቆመ። የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ያልተሞከረ ነገር ነው፤ አትጠጡት።» እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። ስሜን አልጠራም። እስኪሞት ድረስ አልጠራም።

ከዚያ ውጭ አገር ተልኮ ለነበረው የቅጠሉ ናሙና መልስ መጣ። መጋዘን ውስጥ ቆሞ አነበበው። መልሶ አነበበው። «ማሌሽ፣ አይዞህ» አለኝ፣ እኔን የሚያጽናና ይመስል። «አልሠራም። ኮምፒውተሩ ይገጥማል አለ፤ ሲሞከር ግን ኢንዛይሙን ምንም አላደረገውም።»

ያ ሁሉ ልፋት፣ ምንም አላደረገውም።

የቀረውን ጊዜውን በምን ጨረሰው? ሱክ፣ ገበያው መሃል ቆሞ «አትጠጡት» ሲል። በዲንካ፣ በአረብኛ፣ በአማርኛ፣ አትጠጡት። ማን ሰማው? «ፈረንጅ ገዝቶታል» አሉት። «ብቻውን ሊሸጠው ነው» አሉት። ቅጠሉም በስሙ ይሸጥ ጀመር፤ «የዶክተር ማጃክ» እየተባለ።

በዚህ ወር ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ኢንሱሊኑን ሙቀት መታውና ተበላሸ። እየወጋ፣ እየወጋ፣ ስኳሩ አልወርድ አለ። መበላሸቱን ሲያውቅ አቅም አጥሮት ነበር። ከጁባ ታውን እስከ ጉምቦ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። «ማፊ» አሉኝ። የለም። ሌላው ጋ ሄድኩ፤ ማፊ። «ነገ በአውሮፕላን ይገባል» አሉኝ።

እማማ፣ ይኸው የርስዎን ልናገር። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ቅጠሉን አፍልተው በኩባያ ይዘው ገቡ። «ልጄ፣ አንተ ራስህ ያገኘኸው ነው፤ ጠጣው» አሉት። ልከለክል ተነሣሁ። በእጁ ተው አለኝ። ሦስቴ ተጎነጨ። «ጥሩ ነው፣ እማ» አላቸው። እሳቸው ኩባያውን ይዘው ሲወጡ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሌላ ምን እሰጣታለሁ?» አለኝ። 

ይህን ትናንት ለእማማ ስነግራቸው እጄን ያዙኝ። ከዚያ፣ «እንግዲህ ሌላ እናት እንዳታፈላ ንገርልኝ» አሉ። ነገርኳችሁ።

ኢንሱሊኑ እንዳሉት በማግስቱ ገባ? ገባ። ማጃክ ግን አልነበረም።

እዚህ ጋ የቆመው ስቴፈን የቢሮ ጓደኛው ነው። «ሥራውን ትቀጥለዋለህ?» አልኩት። «ከማን ጋር?» አለኝ። እናንተን ልጠይቅ፤ ከማን ጋር ይቀጥል?

ትናንት ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። አሁንም መሃላችን ነው፤ አላሳፍረውም። እንባውን እየጠረገ፣ «ዘግይቶ ስለጠጣው እኮ ነው» አለኝ። «ቀደም ብሎ ቢጠጣው ይተርፍ ነበር።»

ማጃክ ወንድሜ፣ አልሰሙህም። እኔንም እንደማይሰሙኝ እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተ ይቅር ብትል መምህር አሞጽ አይመለሱም። ይቀጥላል ብዬም አልሸኝህም፤ በሬሳህ ላይ አልዋሽም። ያለኝ ይኸው ነው። እውነቱን ተናግረህ ነበር፤ እኔ ሰምቼህ ነበር።

ደህና ሁን፣ ማጃክ። አሁን አፈሩን እንመልስበት።