ሞልቶ የሚመለስ ሰሀን

በኛ ጊዜ እንግዳ በሰሀኑ ነው የሚታወቀው። ሰሚራ፣ እየጻፍሽ ነው? ጻፊ እንግዲህ። የሆቴል ትምህርት ገባሁ ብለሽ፣ "አባባ፣ በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ቱሪስት የበዛው መቼ ነው፣ የቀነሰውስ መቼ ነው፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር የሚመጣው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። መምህርሽ አዞሽ ነው፣ እሽ። እኔ ታዲያ ደርግ ሲገባም ሲወጣም እዚያው ሆቴል ማድ ቤት ነበርኩ፣ ወጥ ቤት ነኝ፣ አዳራሹ ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ እና የእንግዳውን ፊት አላይም። ሰሀኑን ነው የማየው። ተበልቶ ሲመለስ አየውና ይሄ እንዲህ ያለ ሰው ነው እላለሁ፣ ብዙም አልስት።

ዘሀራ፣ አንችም ነይ ተቀመጭ። ሥራው አይሸሽም። ምሳውን እበላዋለሁ፣ ተይው እዚያው ይቀመጥ። ዛሬ አንችም ብትሰሚው ይሻላል።

መጀመሪያ የነበሩት የለየላቸው ቱሪስቶች ናቸው። ላሊበላ ለመውጣት የሚያልፉ አሉ፣ የሐይቅን ውሀ አይተው የሚመለሱ አሉ፣ ደግሞ ሰኞ ሰኞ የባቲን ገበያ ሊያዩ፣ ግመሉን ፎቶ ሊያነሱ የሚመጡ አሉ። ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት ናቸው፣ ቆብ ያደረጉ፣ የጠርሙስ ውሀ እንጂ ሌላ የማይጠጡ። ሰሀናቸው ሲመለስ ሥጋው ተበልቷል፣ ድንቹ ግማሹ ቀርቷል፣ ሰላጣው አልተነካም፣ ይፈሩታል። የጠዋቱ ሰሀን ግን፣ የማሩ፣ ወላሂ ታጥቦ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ዳቦውን እያጠቀሱ ጠርገውት ነው የሚመጣው።

ማሩን የሚያመጣው እንድሪስ ነበር። አዎ ሰሚራ፣ እናትሽን ዘሀራን የወለዳት እንድሪስ። እኔ አሳዳጊዋ ነኝ፣ ይሄን ታውቂያለሽ፣ ቀሪውን ነው የማታውቂው።

እንድሪስ ከቢስቲማ በላይ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ ነው። ማሩን በቅል ይዞ ሐይቅ ድረስ በእግሩ፣ ከሐይቅ በጭነት መኪና ኮምቦልቻ። በጓሮ በር ይገባና፣

"አሰላሙ ዓለይኩም ሰይድ፣ ፈረንጆችህ እንዴት አደሩ?"

"ወዓለይኩም ሰላም፣ ደህና ናቸው፣ ማርህን ማርህን ይላሉ።"

"ሰሀኑን አሳየኝ እስቲ።"

ሰሀኑን ካላየ አይሄድም! ታዲያ እኔም ሳላጥብ አንድ አስቀምጥለታለሁ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞረውና፣ "ልሰውታል! አልሐምዱሊላህ፣ ልሰውታል!" ብሎ ይስቃል። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፣ ሲስቅ ያፏጫል፣ እሱ ሲያፏጭ እኔም እስቃለሁ። ወንድም አልነበረኝም እኔ። እሱ ነበር።

ታዲያ ደርግ ገባ፣ ሆቴሉ ተወረሰ፣ ቱሪስቱም ተመናመነ። መጀመሪያ በአውቶብስ የሚመጡት ቀሩ፣ ከዚያ በትንንሽ መኪና የሚመጡት ቀሩ፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቻውን መጣ፣ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ለብቻው በልቶ ሄደ፣ ከሱ ወዲያ ማንም የለ። በነሱ ቦታ ጓዶች መጡ። የስብሰባ ሰው ነው። የስብሰባ ሰው ሰሀን አጥንት ብቻ ነው የሚመለስበት፣ አጥንቱም ተግጦ! ቀጥሎ ሞስኮቦች መጡ፣ ኩባዎች መጡ። ሞስኮብ ሾርባና ዳቦ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። ኩባው ሩዝ ነው፣ አንዱ ማድ ቤት ድረስ ገብቶ ሩዙን ከባቄላ ጋር እንዴት እንደሚሠሩት አሳየኝ፣ ቋንቋ የለንም፣ በእጅ ነው የምናወራው፣ ጥሩ ልጅ ነበር። ማር የሚጠይቅ ግን ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ማድ ቤት መጣና፣ ደረቱን ነፍቶ፣ "ጓድ ሰይድ! ማር የቱሪስት ነው። ቱሪስት ከሌለ ማር የለም!" አለኝ። እሽ ጓድ አልኩ፣ ምን እላለሁ።

ለእንድሪስ ነገርኩት። እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። ማር በቆረጠ ቁጥር አንዲት ቅል ይዞ ይመጣል፣ "ለሆቴሉ አይደለም፣ ላንተ ነው። ሰሀኑን አንተው ላስልኝ" ይለኛል።

ከዚያ አንድ ጊዜ ባዶ እጁን መጣ።

"ንቦቹ ሄዱ ሰይድ።"

"የት ሄዱ?"

"አበባ ፍለጋ ነዋ። እነሱ ክንፍ አላቸው።"

አልሳቀም። ያን ቀን ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ዝናብ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ፣ አብሽር ብዬ ሸኘሁት። አይ እኔ!

አሁን ሰሚራ፣ ቱሪስት የበዛው መቼ ነው ያልሽኝን ጻፊ። የበዛው በሰባ ሰባቱ ረሀብ ጊዜ ነው። እንደዚያ ያለ የፈረንጅ ብዛት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፣ አልጋ ጠፍቶ ኮሪደር ላይ ፍራሽ አንጥፈናል። ካሜራ የያዘ አለ፣ ነርስ አለ፣ እህል የሚያመላልስ የአውሮፕላን ሰው አለ። ወጣቶች ናቸው እነዚህ። ጠዋት ተነስተው ባቲ ይሄዳሉ፣ መጠለያው እዚያ ነው፣ ያ ግመል ፎቶ የሚነሳበት ባቲ እኮ ነው። ማታ ይመለሳሉ፣ ምግብ ያዛሉ፣ እና ሰሀኑ ሞልቶ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ሰሀን አላውቅም እኔ! አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ ጨው በዛ ወይ፣ ቅቤው ሸተተ ወይ ብዬ። ከዚያ ሽርጤን እንዳደረግሁ አዳራሽ ገባሁ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሹካውን እንደያዘ ያለቅሳል። አስተናጋጃችን ተስፋዬ ክንዴን ያዘኝና፣ "ሰይድ፣ ምግብህ አይደለም" አለኝ። ወደ ማድ ቤቴ ተመለስኩ።

ከነሱ መሀል አንዲት ነርስ ነበረች፣ ቀጭን፣ ፀሐይ የላጣት። በየጠዋቱ ወተትና ስኳር ያለበት ቀጭን አጥሚት ታሠራኛለች፣ መንገድ ዳር ለምታገኛቸው በፔርሙዝ ይዛ ትሄዳለች። ታዲያ የዚያ አጥሚት ድስት ሁልጊዜ ምድጃዬ ላይ አለ። ይሄን ያዙልኝ።

ሐሙስ ቀን ነው፣ ዙሁር ተሰግዶ። የጓሮው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ ቆሟል፣ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ በጀርባው አዝሏል። "አላህ ይስጥልን" ልለው አፌን ስከፍት፣ "ሰይድ፣ ፈረንጆችህ እንዴት አደሩ?" አለኝ።

ያረቢ! እኩያዬ እኮ ነው። እኩያዬ።

አስገባሁት። ልጅቷን አወረድኳት፣ የጤፍ ነዶ አትከብድም። "እናቷስ?" አልኩት። "ሐይቅ ሳንደርስ ቀበርናት" አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁም።

ታዲያ ምን ላብላው? አጥሚቱ እዚያው እየሞቀ ነው። አየሁት፣ ወላሂ አይቼዋለሁ። ግን በልቤ፣ ለእንድሪስ? ማር በቅል ላመጣልኝ ሰው አጥሚት? የወሎ ሰው ነኝ፣ እንግዳዬን በውሀ ልሸኝ? አፈርኩ። ዞር ብዬ መኮሮኒ ቀቀልኩ፣ ቅቤውን አልሰሰትሁም፣ ስድስት እንቁላል ጠበስኩ፣ ዳቦ ቆረስኩ። ለሱም ለልጅቷም በትልቁ፣ በእንግዳው ሰሀን አቀረብኩ። በቢስሚላህ ጀመሩ።

እንግዲህ ግማሽ ሳይበሉ ያች ነርስ ሙቅ ውሀ ልትጠይቅ ገባች። አየቻቸው። ጮኸች! ሮጣ ከልጅቷ እጅ ሰሀኑን ነጠቀች። ከራብተኛ ልጅ እጅ ሰሀን የሚነጥቅ ሰው አይታችኋል? ደሜ ፈላ። "ተስፋዬ!" ብዬ ተጣራሁ፣ "ምንድን ነው የምትለው ይቺ?"

ተስፋዬ እየተንተባተበ፣ "ሆዳቸው አይችልም ነው የምትለው። በአንዴ ከበሉ ይሞታሉ፣ አጥሚቱን በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ስጧቸው ትላለች" አለ።

"በላት! በላት ከማድ ቤቴ ትውጣ! ምግብ ሰው ሲገድል የት ታይቷል? እንግዳው የኔ ነው በላት!"

አልወጣችም። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግጥም አድርጋ ያዘቻት። ልጅቷ ትጮሃለች፣ ወደ ሰሀኑ ትንጠራራለች። እንግዲህ ልጅቷን ተውኩላት፣ ትገላግለኝ ብዬ እንጂ አምኛት አይደለም።

እንድሪስ እጁን ሰብስቦ ነበር። ዘሀራ፣ ይሄን ነው ያልነገርኩሽ። እጁን ሰብስቦ፣ የፈረንጇን ፊት አይቶ፣ የኔን ፊት አየ። "ሰይድ፣ ሐኪም ነች መሰለኝ። ልተወው ይሆን?" አለኝ። ጠየቀኝ እኮ! እኔ ደግሞ እሷ ፊት የተዋረድኩ መሰለኝ፣ "በሞቴ! በሞቴ እንድሪስ፣ ጨርሰው" አልኩት። ወዳጁ በሞቴ ብሎት እምቢ የሚል ሰው በኛ አገር የት አለ? ጨረሰው። ከዚያ ሰሀኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ አነሳና፣ "እየው ሰይድ፣ ልሼዋለሁ" ብሎ ሳቀ። አፏጨ። የማውቀው ሳቅ ነው።

ለዐሥር ሶላት ስንነሳ ሆዱን ያዘ። በማግስቱ ጁምዓ ሳይሰገድ ሞተ።

ነርሷ ቅዳሜ ጠዋት ማድ ቤት መጣች። አየህ፣ አላልኩህም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ምንም አላለችም፣ ትከሻዬን ያዘችኝ፣ ከዚያ ማንኪያውን እጄ ላይ አድርጋ ለልጅቷ እንዴት እንደሚሰጥ አሳየችኝ፣ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ጊዜ ጠብቆ። እኔና ሚስቴ ከድጃ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ልጅ አልነበረንም። ልጅቷ ተረፈች። ያው አንች ነሽ ዘሀራ።

ከዚያ በኋላ እነዚያም እንግዶች ሄዱ። ጦርነቱ ሲቀርብ ወታደር መጣ፣ የወታደርን ሰሀን አትጠይቂኝ፣ ሰሀን አይመልስም። ጥናትሽ ይሄው ነው ሰሚራ። ብዙ፣ ከዚያ ትንሽ፣ ከዚያ ምንም፣ ከዚያ እንደገና ብዙ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው በዚያ ዓመት አገሩ አምሮበት ነበር ይላል።

እና ዘሀራ፣ አባትሽን ረሀብ ገደለው ብዬ ነው ያሳደግሁሽ። ለሁሉም እንደዚያ ነው ያልኩት። ረሀብ አይደለም። ኩራቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም በሞቴ ብዬ አላውቅም፣ በቤቴም እንዲባል አልፈቅድም፣ ሰው "ሰይድ እንግዳ አይለምንም፣ ቆጥቋጣ ነው" ይለኛል፣ ይበለኝ። ይሄን ሳልነግርሽ እሞታለሁ ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩ። አሁን አውፍ በይኝ፣ ማሪኝ አልልሽም። እወቂው ብቻ።

*

አባባ ታሪካቸውን እዚህ ላይ ጨረሱ። እኔም መጻፌን አቆምኩ። እናቴ ግን እንደ ተቀመጠች፣ "አባ፣ አውቃለሁ እኮ" አለች።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ፈረንጇ ጭን ላይ ነበርኩ። ሰሀኔን ስለወሰደችብኝ ስንት ዓመት ነው የጠላኋት። በሞቴ ስትለውም ሰምቻለሁ፤ የሞተበትን ምክንያት ደግሞ ካደግሁ በኋላ ራሴ ደረስኩበት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ? እናቴን ከቀበርን በኋላ እኮ አንድ ቃል አልተናገረም። ሲደክመው ብቻ 'ሰይድ ጋ እንደርሳለን' ይለኛል። ሐይቅ ላይ እንዲህ አለኝ፣ ኮምቦልቻ መግቢያው ላይ እንዲህ አለኝ። ደረሰ። ያን ሰሀን ሲያነሳ ነው ሲስቅ ያየሁት። የሱን ሳቅ የማስታውሰው ያን አንዱን ነው። ጥፋት አይደለም አልልህም፣ አጥፍተሃል። ግን ያን ሳቅ የሰጠኸኝም አንተ ነህ።"

አባባ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ ተነስታ የቀዘቀዘውን ምሳ ከጠረጴዛው አመጣች። ጠቅልላ ወደ አፋቸው አስጠጋች።

"በሞቴ" አለች።

በዚያ ቤት ቃሉን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። አባባ ቀና አሉ። ከዚያ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎረሱ፣ እያለቀሱ አላመጡ፣ ዋጡ።

"ጨው አንሶታል" አሉ።