ወይዘሮ ዓለሜ ደረጃውን የወጡ ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ ጋሽ ደቻሳ፣ አክሊል፣ የጂማችን ሰዎች ሁሉ፤ ማሽኖቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ ይህን ሁሉ ወንበር ስለደረደራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ግን አሰልጣኝ በኬክ ይሸኛል እንዴ?

ከአራት ዓመት በፊት በዚህ በር ስገባ ሰርተፊኬት ነበረኝ፤ ሠልጣኝ ግን አልነበረኝም። ዊንጌት ታክሲ ተራው ላይ ቆሜ በራሪ ወረቀት አድል ነበር። ሰው ይቀበለኝና ጥቂት ሄዶ ይጥለዋል። እኔም ተከትዬ አነሳና ለሌላ እሰጣለሁ። አባቴም ሱቁ በር ላይ ለጥፎልኝ ነበር። ማን መጣ? ማንም።

በመጨረሻ ሩቲ የምትባል የባንክ ሠራተኛ መጣች። ያለኝን ችሎታ ሁሉ በአንድ ቀን ላሳያት ፈለግሁ። እሷ ደከመኝ ስትል እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ እላለሁ። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ከሥራ ቀረች፤ ወደዚህም አልተመለሰችም።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ነባሩ አሰልጣኛችን አክሊል በሩ ላይ ጠበቀኝና፣ "ሀያም፣ ያን ሁሉ ያሠራሻት ለእሷ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?" አለኝ።

በጣም ተናደድኩበት። ግን እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ እየቆምኩ ሰውን እንዴት እንደሚያዳምጥ ተማርኩ።

የጂሙ ባለቤት ጋሽ ደቻሳ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ሠልጣኝ ካላገኘሁ እንግዳ መቀበያው ላይ እንደሚመድቡኝ ነገሩኝ። አልፈረድኩባቸውም። አራት ቀን ሲቀረኝ ወይዘሮ ዓለሜ መጡ።

ይኸው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ታሪካቸውን እንድናገርም ፈቅደውልኛል። ያኔ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ወድቀው ጉልበታቸው ከተጎዳ ወዲህ፣ ሐኪማቸው ስፖርት ይሥሩ ቢላቸውም ደረጃ ይፈሩ ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን የሚለማመዱት ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት የዘመሩ ሰው፣ ታች ግቢው ውስጥ ተቀምጠው የጓደኞቻቸውን ድምፅ ያዳምጡ ነበር።

ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ መቅጠን አልፈልግም። ወደ ላይ መውጣት ነው የምፈልገው" አሉኝ።

ሠልጣኝ ስላገኘሁ ጋሽ ደቻሳም ጊዜ ጨመሩልኝ። ከወንበር በመነሳትና በመቀመጥ ጀመርን። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ቆይቶ ዝቅተኛ ሳጥን ላይ መውጣት። ያመማቸው ቀን እናቆማለን። እዚያ ማዶ መቶ ኪሎ ይነሳል፤ እዚህ ሁለት ሴቶች ቁጭ ብድግ ይላሉ። የሳቀብን አልጠፋም። ስሙን አልጠራም፤ አሁን ኬክ እየበላ ነው።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ አብሬያቸው ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድኩ። ደረጃው ሃያ ስድስት ነው። እሳቸው መደገፊያውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ፣ "ተይኝ፤ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ወጡ። በሩን ሲከፍቱ መዝሙሩ ተቋረጠ። ወዲያው ሁሉም ተነስተው አቀፏቸው። ልምምዱ ሲቀጥል ወይዘሮ ዓለሜ በድሮ ቦታቸው ቆመው ነበር። እኔ በሩ ጋ ሆኜ በሂጃቤ ጫፍ እንባዬን ጠረግሁ።

ሰኞ ጠዋት ጂሙ ሲከፈት ዘጠኝ ዘማሪዎች በሩ ላይ ቆመው ሀያም የትኛዋ ናት ይሉ ነበር። እነሱ ጎረቤቶቻቸውን አመጡ፤ ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲዳረስ እናቴም ከመስጊድ ጓደኞቿ ጋር መጣች። የማለዳው የሴቶች ፕሮግራም የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬ አርባ አንድ ሴቶች ይሠሩበታል።

ከመጪው ወር ጀምሮ ሸጎሌ ላይ የራሴን የሴቶች ጂም እከፍታለሁ። ገና መስታወቱ ሳይገጠም አሥራ ሰባት ሴቶች ተመዝግበዋል።

ጋሽ ደቻሳ፣ ቤትዎ ሁልጊዜ ሰው የሞላበት ይሁን። አክሊል፣ አንተ የምታሠራቸው ሁሉ ያሰቡት ይሙላላቸው። ሁላችሁም ጤና አይጉደልባችሁ፤ የምትመኙትን ሁሉ ፈጣሪ ያሳካላችሁ።

ወይዘሮ ዓለሜ፣ አሁን እርስዎ ይነሱና ይመርቁኝ። መርቀውኝ ልሂድ።