ለቡናው ጥላ፣ ለሰውስ?

ጥር ወር ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። አጋሮ መውጫ ላይ አንዲት ወጣት ከባጃጅ ወርዳ ከጋሽ ሰብስቤ አጥር ጥግ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ቆመች። ጋሽ ሰብስቤ ከሩቅ አዩዋት። ቦርሳዋን አዩ፣ ጫማዋን አዩ። የታጠበ ቡናቸው በማድረቂያ አልጋዎች ላይ ተሰጥቷል፤ የሰው ቡና የሚያይ እንግዳ ደግሞ ለደግ አይመጣም።

"ማን ልኮሽ ነው?" አሏት።

"ማንም አልላከኝም፣ አባባ። ሩፈይዳ እባላለሁ፤ የጤና ባለሙያ ነኝ። መኪና እስኪመጣ ጥላ ፈልጌ ነው።"

"ጥላ ያለው እዚህ ብቻ ነው?"

የሩፈይዳ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነበር። የሽማግሌው ባለቤት ወይዘሮ ያለምወርቅ አናታቸውን ሳይሸፍኑ ከንጋት ጀምረው ብልሹ ፍሬ ሲለቅሙ ቆይተው፣ አሁን አልጋዎቹን አንድ በአንድ ጆንያ ያለብሳሉ።

"እናታችን ይንገዳገዳሉ" አለች።

"ሠላሳ ዓመት የለመደቻት ፀሐይ ናት። አንቺ በማያገባሽ…"

ሳይጨርሱ ያለምወርቅ ከመጨረሻው አልጋ ሥር ወደቁ።

ተሸክመው ወደ ጥላው አመጧቸው። ገላቸው ይፋጃል፤ የሚያወሩት አይያያዝም።

"ምች ነው!" ጋሽ ሰብስቤ ወደ ጎረቤታቸው ጮኹ። "ሸኩር! ዳማከሴ ቁረጥ፣ ጋቢም አምጣ! ተሸፍና ያልባት!"

"ጋቢውን ይተዉት፣ አባባ። ውሃ ነው የሚያሻቸው።"

"በጋለ ገላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? ልትገድያት ነው! ቆይ፣ መታወቂያሽ የታለ?"

"አሳይዎታለሁ። መጀመሪያ አንገታቸውን ይንኩ።"

ነኩ። እጃቸውን ቶሎ አነሡ።

"ስሙን ምች ይበሉት፤ በስሙ አልጣላዎትም። ግን ቡናውን በቀትር ለምን ይሸፍኑታል?"

"ምን አገናኘው? ፀሐይ በርትታበት ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ነዋ።"

"እርጥብ ቡና ከምረው ላስቲክ ቢደርቡበትስ?"

"ውስጥ ለውስጥ ግሎ ይበላሻል።"

"እናታችን ላይም ጋቢ ሊደርቡባቸው ነው እኮ።"

ሽማግሌው ልጅቱን ዳግም ከእግር እስከ ራስ አዩዋት። ሐሰት ፈለጉባት፤ አላገኙም። ባልዲውን ራሳቸው አነሡ።

"አፋቸው ውስጥ እንዳይጨምሩ! ልባቸውን ሳያውቁ ቢጠጡ ያንቃቸዋል። በገላቸው ላይ ያፍስሱ።"

ነጠላ ነክረው በአንገታቸውና በብብታቸው አደረጉ። ሸኩር በሰፌድ አራገበ። ባጃጅ ሲመጣም እያረጠቡ፣ እያራገቡ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው።

ሰው የለመድኳት ፀሐይ አትጎዳኝም ይላል፤ ፀሐይ ግን የለመዳትን ከእንግዳ አትለይም።

በሦስተኛው ቀን ያለምወርቅ በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ሩፈይዳ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ጋሽ ሰብስቤ ወንበር ሰጧት።

"የቀረ ነገር ካለ ተናገሪ። እሰማሻለሁ፤ እመረምርሻለሁም።"

"ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከፀሐይ ሥራ ይረፉ። ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ፣ ክንድዎን በስስ ልብስ ይሸፍኑ። ሳይጠማዎት ውሃ ይጠጡ። ራስ ካዞረዎት ወደ ጥላ ይግቡ። ፀሐይ የለበለበው ቆዳ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ ቅቤ አይፈልግም።"

"ቅቤም?"

"ቅቤም፣ አባባ።"

በዚያው ሳምንት ሸኩር በአጥር ብቅ አለ። ጋሽ ሰብስቤና ያለምወርቅ በቀትር ከዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል።

"ወላሂ፣ ጋሽ ሰብስቤ በስተርጅና ሰነፉ! የመጨረሻው አልጋ ሳይሸፈን ቀረ እኮ! ቡናው ይሰነጠቅ?"

ሽማግሌው አልተነሡም።

"ይሰነጠቅ። ቡና ለከርሞም ያፈራል።"