ዘንቢል ያልገባችው ስልክ

ኢንሻራህ ነገር ስትጀምር ሁልጊዜ ከአየር ጠባይ ነው የምትጀምረው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል፣ ዐምና አባቷ መንዙማ ያሉበትን የአዳራሽ ዝግጅት ያስተናበረው ሰውዬ መጥቶ ጋቢና ተቀመጠ። ዐየችው፤ ሰላም ግን አላለችውም። ከጎኗ ወደተቀመጡት ጎረቤቷ ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ጋቢና ድረስ በሚሰማ ልክ አስተካከለች።

«እትዬ አልጣሽ፣ ነጠላዎን ይደርቡ እንጂ። ኮምቦልቻ እንዲህ አቃጥሎን፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ብርዱ አያስጠጋም። ጉልበትዎስ? አብሽሩ፣ ይሻልዎታል። ወንበሩ ጠበበዎት መሰል... ምን ይደረግ፣ ጋቢና ለታደለ ነው። አንዳንዱ ሲፈጠርም ለፊት ወንበር ነው የሚፈጠር።

«ዐምና አባቴ ሼህ ባሽር መንዙማ ያሉበት ቀን፣ በዚሁ ጉልበትዎ ቀሩ አይደል? ምን ያለ ሥርዓት አመለጠዎት መሰለዎት! ያ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለው አስተናባሪ... ስሙን አልጠራም፣ የደግ ሰው ስም መንገድ ላይ አይጠራም... በር ላይ ቆሞ የሁላችንንም ስልክ በዘንቢል ሰበሰበ። ‹መንዙማ በጆሮ እንጂ በስልክ አይሰማም› አለን። ወላሂ ልክ ነው! የወንድሜን የፉርቃንን ስልክማ ራሱ ከኪሱ አወጣለት፤ ልጁ እንዳይደክም ብሎ። አንዲት ስልክ ብቻ ዘንቢል ሳትገባ ቀረች። የማን ትሆን? ዘንቢሉን የያዘ ሰው እንዴት ብሎ ዘንቢል ውስጥ ይገባል? ነገር በምሳሌ፣ ስልክ በዘንቢሌ ማለት ይኼ አይደል?»

ጋቢና ስልክ ጮኸ። ሰውየው እየተርበተበተ አጠፋው።

«ውይ! እኒያን ሰውዬ ያንሱት ይበሏቸው፣ እትዬ። እዚህ እኮ ክልክል አይደለም...

«ምን እያልኩ ነበር? አዎ። አባቴ መንዙማቸውን ሲጨርሱ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ወንዶቹን ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ። እኔ ‹ለሌሎቹም› የሚሉት ውስጥ ነበር የምገባ። ያን ቀን ግን ድቤው ዝም ሲል፣ ‹ያረብ፣ ለሴቷ ልጄ ለ...› አሉ። ስሜን ሊጠሩ! በሠላሳ ስድስት ዓመቴ! ኢንሻራህ የልብ መከፈት ማለት ነው እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ይኼኔ አንድ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን ከኪሳቸው መዘዝ ቢያደርጉ፣ ያ ደግ ሰው ስልክ መስሎት... ‹ዝጉ! ስልክ ዝጉ!› ብሎ ጮኸ። ዱዓው ስሜ ሳይሰማ አለፈ። አባቴ ‹መከፈት› ብለው ያወጡት ስም ላይ እሱ ‹ዝጉ› አለ... ሲገጣጠም አያምርም? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? እሱ ለኛ አፍ ተጨንቆ የራሱን ከፈተው።

«አባቴ በሦስተኛው ወር ሞቱ። እሱም ለቅሶ መጣ፣ አልቀረም። ‹ድምፃቸው አለኝ› ብሎ በብሉቱዝ ላከልኝ። ከየትኛዋ ስልክ? ከዚያችው፣ ዘንቢል ካልገባችው! እኛ እንድንከለከል እንጂ እሱማ እንዲቀርጽ ነው የተፈጠረ። ደግሞ ጥራቱ! የአባቴ ድምፅ ትንሽ ራቅ ይላል፣ የሱ ግን ጆሮ ሥር ነው። ልጄ ሰምታ ሰምታ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹እማ፣ አያቴ ስልክ ዝጉ የሚሉት ናቸው?›»

እዚህ ላይ ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ አልመጣም። አባቷ ናፈቋት። እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ጋቢና ያለውን ሰውዬ ማጅራቱን ላብ ይዞታል፤ ሐረጎ ላይ፣ በዚያ ብርድ።

ሚኒባሱ ደሴ ሲገባ ኢንሻራህ ዐይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ድምፅዋም ማር ሆነ።

«ኧረ እኔ ምን ቂም አለኝ፣ እትዬ? ምርቃት ብቻ ነው ያለኝ። አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ድምፁን አይንሳው። የሚወዱት ልጆች ይስጠው። ልጆቹም ከመቶ ዓመት በኋላ ድምፁ ሲናፍቃቸው፣ ልክ እኔ የአባቴን እንዳገኘሁት ያግኙት... እንዲሁ ጥርት ብሎ፣ ስማቸው ላይ ሲደርስ። አሚን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ አልጣሽ!»