አባባ ሶፎንያስ መኪናቸው ሥር የተኙ ቀን

ነኢማን እዛ አገኛታለሁ ብዬ በህልሜም አላሰብኩም! ቅዳሜ ከአያቴ ከአባባ ሶፎንያስ ጋር ሆሳዕና ጋራዥ ሄድን። ቱታ የለበሰች ልጅ ከአይሱዙ ሥር ስትወጣ... ነኢማ! ዘጠነኛ ክፍል ከኋላዬ ትቀመጥ የነበረችው! ለካ ቴክኒክና ሙያ ገብታ አውቶሞቲቭ እየተማረች ነው። ጮህኩ፣ ተቃቀፍን፣ ቀሚሴ ግሪስ በግሪስ ሆነ፣ ግድ አልሰጠኝም።

አባባ የመጡት ላንድክሩዘራቸውን ከፍ ለማስደረግ ነው። መኪናዋ ከእናቴ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ግን ክረምት ላይ ከሀቢቾ ማዶ እኛ ሰፈር ከሷ ሌላ የሚደርስ የለም። አምና አባባ ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን ወደ ሆስፒታል ሲያመጧት፣ ጎማ በቆፈራቸው ቦዮች መሀል ያለው ጉብታ ላይ መኪናዋ በሆዷ ተንጠለጠለች። ልጁ እዛው ጭቃ መሀል ተወለደ፤ ጌታ ነው ያተረፋቸው። ዘንድሮ ነሐሴ ደግሞ የእህቴ የገነቴ ተራ ነው።

«አምና ጉብታ ላይ ተንጠልጥላብኛለች፤ ቦዲዋን በታኮ ከፍ አርጉልኝ» አሉ አባባ። «እዚህ ከተማ ያለው ወዳጄ አክሊሉ አስደርጎ የለ? አሁን በሩን ለመክፈት ራሱ መንጠራራት ነው!»

«አባባ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣» አለች ነኢማ፣ «በቦዲውና ከሥሩ ባለው የብረት አጥንት በሻንሲው መሀል ታኮ ሲገባ ከፍ የሚለው እርስዎ የሚቀመጡበት ብቻ ነው። ሻንሲው፣ ካምቢዮው፣ የነዳጅ ታንኩ የነበሩበት ይቀራሉ።»

«ከፍ ካለ ከፍ አለ ነው። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፣ ልጄ። አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«መኪናዋ ታላቅሽ ናት እኮ! ታላቅ ማክበር አላስተማሩሽም?»

መካኒኮቹ ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች። «ታላቄ ስለሆነች ነው ያዘንኩላት። የሚሸከማት ተጣጣፊ ብረት፣ ባሌስትራዋ፣ ደክሞ ተኝቷል። እኔ ፀጉሬን ወደ ላይ ባስር ረዝሜ እታያለሁ፤ ወንዝ ስሻገር ግን ውሃው የሚደርሰኝ ያው ጉልበቴ ጋ ነው።»

ውይ፣ እንዴት እንደወደድኳት!

አባባ ግን ፊታቸውን አዞሩ። «ፀጉርና መኪና ምን አገናኛቸው?»

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። አምና መሬት የነካው ምኗ ነው?»

«ሆዷ ነዋ።»

«አይተውታል?»

ሠላሳ ዓመት ነድተዋት ከሥር አንድም ቀን አላዩዋትም! መኪና ሥር መግባት የመካኒክ እንጂ የሽማግሌ ሥራ አይደለም ብለው ነው። ነኢማ ካርቶን አነጠፈች። አባባ ግራ ቀኝ አዩ፣ ኮታቸውን ለኔ ሰጡኝ፣ ገቡ። ጫማቸው ብቻ ቀረ፤ በሳቅ ሞትኩ!

«ይሄ ሣር ምንድነው?» አለ ድምፃቸው ከሥር።

«የሀቢቾ መንገድ ሣር ነዋ። የት ነው የተሰካው?»

«ካምቢዮው ጋ። ታንኩም ተፍቋል...» ጫማቸው ወደ ጎን ተንሸራተተ። «ቦዲውን ግን ምንም አልነካውም።»

«ወላሂ እኔም ይሄንኑ ነው ያልኩት!»

ወጥተው አቧራቸውን እያራገፉ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ብለው ጠየቋት። የኔ አያት! ሴት ልጅ ስለ መኪና ሲጠይቁ!

«ባሌስትራውን አራት ጣት ያህል ከፍ በሚል አዲስ እንቀይር፣ መንጠሩን የሚያበርደውን ሞርዛተርም አብረን። ያኔ ሻንሲው ራሱ ይነሳል፣ ታንኩም ካምቢዮውም ከጉብታው ይርቃል፣ የታመመ ሰውም እንደ ጆንያ አይነጥርም። ጎማዎቹ መሀል ያለውን ዲፈረንሻል ግን ይሄም አያነሳውም፤ ለሱ ትንሽ ተለቅ ያለ ጎማ ነው። የፍሬን ቱቦውንም ማስረዘም አለብን።»

«ስምንት ጣትስ ቢሆን?» አማራቸው እኮ!

«ኩርባ ላይ ይገለበጣሉ።»

«አራት ይበቃል።» ቀጠሉ፣ «አክሊሉ ታዲያ ተሸወደ?»

«ኧረ! እሱ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ነው የሚነዳው። ትልቅ ጎማ እንዲገባለት ብቻ ከሆነ ታኮው ይበቃዋል፣ ርካሽም ነው። የእርስዎ መንገድ ነው የተለየው።»

ነሐሴ ላይ፣ በአዲሱ ባሌስትራ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ምጥ የያዛትን ገነቴን ይዘን ወጣን። እጄን ልትሰብረው ነበር። ጉብታው ጋ ስንደርስ አባባ ዝግ አሉ። ጆሮዬን አቆምኩ። ከሥር የሚፋቅ ነገር የለም!

«አለፍን እንዴ?» አለች ገነቴ።

አለፍን! የገነቴ ልጅ ሆስፒታል፣ ንጹሕ አልጋ ላይ፣ አዋላጅ ባለችበት ተወለደች። ከዛ ወዲህ አባባ ሁለት እናቶችን በሰላም አድርሰዋል። እና እናንተ አሮጌ መኪና ያላችሁ አባቶች፣ በናታችሁ፣ ወዳጅ ስላስደረገ ብቻ አታስደርጉ። መንገዳችሁ የቱን እንደሚመታ እዩ፤ ካላወቃችሁም የተማረውን ጠይቁ፣ ልጅም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን!