ስም የሌለው ናሙና

ከአረካ ወደ ሶዶ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለችው ወጣት የዕጢ ናሙና ምርምር ላይ እንደምትሠራ ሲሰሙ ጥያቄ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ከጡቴ የወጣውን ዕጢ ለምርምር ስጪን ሲሉኝ ፈቀድኩ። ኤአይ የሚሉት ነገር ያየዋል አሉኝ። ምን ያያል?»

«ኮምፒውተር ነው፣ እማማ። የትኛው ሴል ከየትኛው አጠገብ እንዳለ ያያል።»

«እንደ ጎረቤት?»

«አዎ። በሽታን የሚዋጉት ሴሎች ዕጢው ውስጥ መግባታቸውን ወይም ዳር መቆማቸውን ይለያል።»

«የእኔዎቹስ ገብተዋል?»

«እኛ ጋ ሲደርስ ስም የለውም። የእርስዎን ባየውም አላውቀውም።»



«እንግዲያው የሁላችንንም ደህና አድርገሽ እዪ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«የሁላችንንም» ካሉ ጀምሮ እጄ ደረቴ ላይ እንደነበረ ያወቅሁት ሶዶ መናኸሪያ ስንገባ ነው።