ፕሬዝዳንቱ እስኪቀመጡ ድረስ፦ የከበሮ መቺው የጋሽ ነጎድጓድ ሕይወት

ወንበር ያገኛችሁ ተቀምጣችሁ፣ ያላገኛችሁም ግድግዳ ተደግፋችሁ አድምጡ። ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው በመታወቂያቸው ላይ ሌላ ስም ቢኖራቸውም በዚያ ስም የሚጠራቸው መንግሥት ብቻ ስለነበር፣ እኛ በምናውቃቸው በጋሽ ነጎድጓድ ስም ታሪካቸውን እናነባለን።

ጋሽ ነጎድጓድ ከግንበኛ አባታቸውና በገበያ ሽንኩርት ይቸረችሩ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት ከመበርታቱ የተነሣ የጎረቤት ላም ሦስት ቀን ወተት ከለከለች፤ ጆሮአቸው የማይሰማ አንድ ሽማግሌም «ማነው በር የሚያንኳኳው?» ብለው ወጡ ይባላል። እናታቸው ይህ ሲወራ «ላሟስ ድሮም ወተት አልነበራትም» ይሉ ነበር እንጂ የሽማግሌውን ነገር አንድም ቀን አልካዱም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሠፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲማሩ፣ ጣታቸው ዴስክ ላይ አላርፍ እያለ አራት ጊዜ ተባረው አራት ጊዜ ተመልሰዋል። የተመለሱትም ጸባያቸው ተሻሽሎ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰንጥቆ ስለነበር፣ በርሜል መትቶ ለሦስት ሠፈር የሚያሰማ ሌላ ሰው በመጥፋቱ ነው።

በሃያ አራት ዓመታቸው፣ የመንግሥት ማርሽ ባንድ ትልቁን ከበሮ ይሸከም የነበረው ሰው ወገቡን ስለታመመ፣ ለሦስት ወር ብቻ እንዲተኩት ተቀጠሩ። ያ ሦስት ወር አርባ ሦስት ዓመት ሆነ። ምክንያቱም እሳቸው በገቡ ማግስት በወጣ ደንብ፣ ፕሬዝዳንት ፊት የሚቆም አዲስ ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጣራት ነበረበት። ጋሽ ነጎድጓድ «ልሂድ» ባሉ ቁጥር የባንዱ አለቃ «ተተኪህ እየተጣራ ነው፤ ትንሽ ታገሥ» ይሏቸው ነበር። የመጀመሪያው ተተኪ አጎቱ በሰንደቅ ዓላማ ፊት አስነጥሷል ተብሎ ወደቀ፤ ሁለተኛው ጎረቤቱ ፊቱ አያምርም ተብሎ ወደቀ፤ ሦስተኛው ማጣሪያውን ባለፈ ማግስት በዕድሜ ምክንያት ጡረታ ወጣ።

የሥራውም ነገር እንዲህ ነበር። ሰልፉ በአራት ሰዓት ከሆነ የባንዱ አርባ ሦስት ሙዚቀኞች ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይገባሉ፤ ይቆጠራሉ፤ ስልካቸውን ያስረክባሉ፤ አነፍናፊው ውሻ ካልሲያቸውን አሽትቶ እስኪያስነጥሰው ይፈተሻሉ። ከበሮው በመብራት ታይቶ፣ ተንኳኩቶ፣ ማንም እንዳይለውጠው ማንጠልጠያው በጋሽ ነጎድጓድ ትከሻ ላይ እንዳለ በሽቦና በማኅተም ይታሸጋል፤ ያሸገው ሰው ካልሆነ በቀር ማኅተሙን የሚፈታ በሕግ ይጠየቃል። ከዚያም አንድ መስኮት ባለው፣ መስኮቱም በማይከፈት ክፍል ይቆለፍባቸዋል። አንዴ የገባ ሰው ማርሽ ለመምታት በጠባቂ ካልተወሰደ በቀር የፕሬዝዳንቱ መኪና ሳይሄድ አይወጣም፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጢሱን በመስኮቱ እያየ ይጠብቃል።

ጋሽ ነጎድጓድ በሠፈራችን ልብስ ሰፊ ከሆኑት ከእትዬ መርፌ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች ወልደዋል። የበኩር ልጃቸው ስትወለድ ከዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ዘበኛው በቁልፉ ቀዳዳ «ሴት ናት» ብሎ ሲነግራቸው፣ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነበርና አርባ ሁለት ሰው በሹክሹክታ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አላቸው። እናታቸው የተቀበሩ ቀንም ከዚያው ነበሩ። እዚያ ላይ ግን ሹክ ያላቸው የለም፤ የሰሙት ማምሻውን ወጥተው ነው።

ስለዚህ በሃያ ዘጠነኛው የሥራ ዓመታቸው የእትዬ መርፌ ሆድ ውስጥ እጢ ተገኝቶ ቀዶ ጥገናው ለስድስት ሰዓት ሲቀጠርና ያ ቀን ከትልቁ ሰልፍ ጋር ሲገጥም፣ እትዬ መርፌ መቀሳቸውን አስቀምጠው «ስወልድ ዘጉብህ፣ እናትህን ስንቀብር ዘጉብህ። አሁን ግን ስማኝ፤ ከማደንዘዣው በፊት ፊትህን ካላየሁ ሐኪሙ ጫፌን አይነካም» አሏቸው። ጋሽ ነጎድጓድም ሰልፉ አምስት ተኩል ቢያልቅ ሆስፒታሉ በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ መሆኑን አስልተው «እመጣለሁ» ብለው ቃል ገቡ።

በዚያ ቀን ፕሬዝዳንቱ በአራት ሰዓት መድረክ ላይ ወጡ፤ ባንዱም የአቀባበሉን ማርሽ ጀመረ። የባንዱ ደንብ ፕሬዝዳንቱ እስኪቀመጡ ድረስ ማርሹ አይቆምም የሚል ነበር። ፕሬዝዳንቱ ግን ቆሙ። ሩብ ሰዓት ቆሙ፤ ግማሽ ሰዓት ቆሙ፤ እንግዳው ሁሉ አብሮ ቆመ። የትራምፔት ነፊው ከንፈር አብጦ ትራስ አከለ፤ ክላርኔት የሚነፋው ቆሞ እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ ማንኮራፋቱም በስልት ሆነ። አለቃቸው ዱላቸውን እያወዛወዙ በጥርሳቸው መካከል «እንዳታቆሙ! ያቆመ ሰው እኔን አያውቀኝም ማለት ነው!» ይሉ ነበር። አምስት ሰዓት ሞላ። ጋሽ ነጎድጓድ ስለ ባለቤታቸው እያሰቡ በከበሮው ላይ አሻግረው ሲመለከቱ፣ የፕሬዝዳንቱ ዓይን ወደ ባንዱ ሲሰርቅ አዩ። ያንን ዓይን ያውቁታል፤ በተቆለፈው ክፍል ውስጥ አርባ ሦስት ሰው በሩን የሚያይበት ዓይን ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። በዚያ ሰሞን የተሾሙ አዲስ የሥነ ሥርዓት ሹም ለፕሬዝዳንቱ «ሙዚቃው ሳይቆም እንዳይቀመጡ» ብለዋቸው ኖሯል። እሳቸው የባንዱን መቆም፣ ባንዱም የእሳቸውን መቀመጥ ይጠብቁ ነበርና፣ ሰው ባይገላግላቸው ኖሮ ሁሉም እዚያው ሸብተው፣ ልጆቻቸው በውርስ ይተኳቸው ነበር።

ማርሹን የሚዘጋው ትልቁ ከበሮ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲመታ ነው። አለቃው ምልክት ሳይሰጡ ያንን መምታት ከወንጀል የሚቆጠር ቢሆንም፣ ጋሽ ነጎድጓድ አምስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ መቱት። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ፤ ወፍ በሰማይ ላይ ቀጥ አለች፤ የጠባቂዎቹ ጣት ቃታ ላይ ደረሰ። ፕሬዝዳንቱም ወንበራቸው ላይ እንደ ጆንያ ወድቀው «ኡፍፍ!» ሲሉ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ስለነበር መላው ከተማ ሰማ።

ፕሬዝዳንቱ ጉልበታቸው አልቆ ነበርና ንግግራቸውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሰው፣ ሰልፈኛውም በሩጫ አልፎ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሄዱ፤ የሰልፉ ግቢ በርም ተከፈተ። ነገር ግን ማኅተሙን ያሸገው ሰው አጀቡን ተከትሎ ሄዶ ስለነበር ጋሽ ነጎድጓድ ከበሮውን እንደታሸገ ሆዳቸው ላይ ተሸክመው ሮጡ፤ በየመንገዱ ሰው ሌላ ሰልፍ መጣ ብሎ ዳር ያዘላቸው። የሆስፒታሉ ዘበኛ «ጋሼ፣ ጠያቂ በሳምንት ሁለት ቀን ይገባል፤ ከበሮ ግን በጭራሽ አይገባም» ሲላቸው ሳይሰሙት አልፈው የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ፣ በሩ ጠባብ ነበርና ከነከበሮአቸው ተቀረቀሩ። እትዬ መርፌ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆነው ቀና ብለው «መጣህ?» አሏቸው። «እኔስ መጣሁ፤ እሱ ነው አልገባም ያለኝ» አሉ። እትዬ መርፌ በሳቅ ፍርስ ስላሉ ሐኪሙ ሳቃቸው እስኪያልቅ ቢላዋውን ይዞ ቆመ። ቀዶ ጥገናው ሁለት ሰዓት ፈጅቶ በሰላም ሲያልቅ፣ ጋሽ ነጎድጓድ አሁንም በሩ ላይ እንደተቀረቀሩ ነበርና ሐኪሞቹም መውጫ አጥተው እስር ምን እንደሆነ እነሱም በዕለቱ ቀመሱ።

ከዚያ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሊያባርሯቸው ፈለጉ፤ ለማባረር ግን ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ከተጻፈ ደግሞ ፕሬዝዳንቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ከበሮ ሲጠብቁ መቆማቸው ሊጻፍ ነው። ስለዚህ ምንም አልጻፉም፤ ብቻ አለቀቋቸውም። ሁለቱን ምቶች ዳግም ያለ ምልክት እንዳይመቱ ከኋላቸው አንድ ወታደር ቆመባቸውና ሌላ አሥራ አራት ዓመት ቆጠሩ። በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ጆሮአቸው ፈጽሞ ሲደነቁር ብቻ ጡረታ ወጡ።

ነገር ግን ቤት ገብተውም ከዚያ ክፍል አልወጡም። ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን አድርገው በራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሰው «እለፍ» ካላላቸው ደጁን አይረግጡም ነበር። እትዬ መርፌ ድምፃቸው እንደማይሰማ ስለሚያውቁ ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ መታ ሲያደርጉላቸው እሳቸው ይወጣሉ። እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ኩላሊታቸው ታሞ ሲታከሙ ቆይተው፣ ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

የቀብራቸው ሰዓት ስምንት ነበር፤ እንደምታዩት አሥር ሆኗል። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በዛሬው የፕሬዝዳንቱ ሰልፍ ምክንያት ተዘግቷል። አንድ የመንገድ ጠባቂ መጥቶ «እማማ፣ ሣጥኑ ሳይፈተሽ አያልፍም» ሲላቸው እትዬ መርፌ «ልጄ፣ አርባ ሦስት ዓመት ፈትሻችሁት ምን አገኛችሁ?» ብለውት፣ እሱም አለቃውን ሊጠይቅ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም።

ጋሽ ነጎድጓድ ባለቤታቸውን እትዬ መርፌን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም የባንድ ባልደረቦቻቸውን ትተው ሄደዋል። ባልደረቦቻቸው እዚህ ያልተገኙት ጨክነው ሳይሆን ከንጋት ጀምሮ ተቆልፎባቸው ነው፤ ከሩቅ የምትሰሙት ማርሽ የእነሱ ነው።

እኛም መንገዱ እስኪከፈት ከዚህ ግቢ አንወጣም፤ ሥጋቸውም እንደለመደው አብሮን ፈቃድ ይጠብቃል። ነፍሳቸው ግን ማክሰኞ ዕለት ማንንም ሳታስፈቅድ ወጥታለችና፣ ፈጣሪ ሳያስጠብቅ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለእትዬ መርፌና ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።